አንዷ የላላች ክር

ወንድሟን ያገኘችው ምድር ቤቱ ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ ነው። ከልብስ ስፌት ሥራዋ ለምሳ ስትመለስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ምሳ!» እያለች ስትወርድ፣ በጊታሩ ድምፅ ማጉያ የብረት ጥግ ላይ የደረቀ ደም ጠበቃት። ኤሌክትሪክ ጊታሩ ግን ምንም ሳይሆን፣ እንደ ወትሮው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሁሉን አይቶ ላለመናገር የማለ ይመስል ነበር።

በማግስቱ ቤቱ ባዳ ሆነባት። ወንድሟ የሚወርድበት ደረጃ ማንም ሳይረግጠው ሲጢጥ ሲል የሰማች መሰላት፤ «መጣህ?» ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቅሶ ቀረ። ከሁሉም የከፋው ግን አጠገቧ ተቀምጦ ነበር፤ ባሏ። ጊታር ጠጋኝ ነው። ወንድሟ ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን፣ በዚያው ጊታር ሰበብ ሁለቱ ሲጯጯሁ ግቢው ሁሉ ሰምቷል። ፖሊሱ መኪናውን በር ላይ ያቆመው ባሏን ለመውሰድ ነው። ወንድሟን ሳትቀብር ባሏን ልታጣ ነው። ልታዝንለት ይሁን ልትሸሸው ግን አላወቀችም።

ከፖሊሱ ጋር የመጣችው መርማሪ ጃንጥላዋን እንደ ምርኩዝ እየተደገፈች ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። ደሙን ለአፍታ አየችና ጊታሩ ፊት ቁጢጥ አለች። ክሮቹን አንድ በአንድ ነካቻቸው። ሁሉም ጠርተው ጮኹ፤ አንዷ ብቻ እንደ እርጥብ የልብስ ገመድ ረግባ ተንጠልጥላለች።

«ይቺን ማን አላላት?»

«እኔ እንጃ» አለች እህትየው። «እሱ እንኳን የጊታር ክር፣ የጫማ ክሩ ላልቶ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር።»

ባልየው ተጠራ።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በዚህችው ክር ነዋ! ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ዝንብ ጢዝ ትላለች። ያውም ማንም ሳይነካት።»

«ማንም ሳይነካት?»

«መጀመሪያ እኔም ጊታሩን ነበር የጠረጠርኩት። አንገቱን አየሁ፣ አልጎበጠም። አንገቱ ላይ በተደረደሩት ብረቶች ላይ ማስመሪያ ጋደም አደረግኩ፣ እኩል ናቸው። ሲጫወቱትም ንጹሕ ነው። ኋላ ነው የገባኝ። ከዚህ ግድግዳ ጀርባ የውሃ ፓምፕ አለ። የሞተሩ ድምፅና የክሯ ቃና አንድ ነው። ፓምፑ ሲነሳ ግድግዳው ይነዝራል፣ እሷም አብራ ትነዝርና ብረቱን እየነካች ጢዝ ትላለች።»

«መድኃኒቱስ?»

«ጊታሩን ከግድግዳው ፈቀቅ ማድረግ፣ በቃ። እሱ ግን ‹ተዋት፣ ውሃ መምጣቱን ትንገረኝ› ብሎ ሳቀብኝ። ስንት ቀን የደከምኩበትን! ተናደድኩ፣ ጮህኩ። ይኸው ነው።»

እህትየው ይህን ታውቃለች። ፓምፑ የሚነሳው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው፤ ክሯ ከታች ስታጉረመርም ስትሰማ ባልዲዋን ታነሳ ነበር።

በመጨረሻ ከሟቹ ጋር የሚሠራው ዘፋኝ መጣ። «መረዋው» ይሉታል፤ ዛሬ ግን ድምፁ ሻክሯል። «አይዞሽ እህት ዓለም» ብሎ አቀፋት። እጁ በረዶ ነው።

«ትናንት ጠዋት የት ነበርክ?» አለችው መርማሪዋ።

«እትዬ፣ እኔ የማታ ሰው ነኝ። ጠዋት የሚባለውን በፎቶ ነው የማውቀው። እዚህ ቤትም ሳይመሽ መጥቼ አላውቅም፤ ይቺው ትመስክር።»

«እውነቱን ነው» አለች እህትየው። «ልምምዳቸው ሁሌም ማታ ነው።»

መርማሪዋ ለፖሊሱ በጆሮው የሆነ ነገር ነግራ ወደ ላይ ሰደደችው። ከዚያ ባልየው ክሯን ወደ ቃናዋ እንዲመልሳት አዘዘችና ሦስቱን ፊቷ አቆመቻቸው።

«ሟቹ ክር አላልቶ የሚተው ሰው አይደለም። ስለዚህ ክሯን የነካት እሱ ከወደቀ በኋላ እዚህ የነበረ ሰው ነው። ሬሳ መሬት ላይ ተዘርሮ መቃኛ የሚያዞር ማን ነው? የፈራ ሰው። ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ክሯ ብቻዋን ስታጉረመርም የሰማ ሰው።»

ወደ ባልየው ዞረች። «አንተ ብትሆን ጊታሩን በእግርህ ፈቀቅ ታደርገው ነበር። በሽታውን ታውቀዋለህ።» ወደ እህትየው ዞረች። «አንቺ ደግሞ ለምደሽዋል። ክሯን የነካት ሰው ግን ጥፋቱ የክሯ መስሎታል። ፓምፑ ሲነሳ እዚህ ተገኝቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ እስከ ትናንት ጠዋት ድረስ።»

«ይቺማ ወሬ ናት!» አለ መረዋው፣ ለመሳቅ እየሞከረ።

«እስካሁን ያልኩት ግምት ነው» አለች መርማሪዋ። «ልክ ነህ።»

ያኔ ከግድግዳው ጀርባ ሞተሩ ተነሳ። ክሯ ማንም ሳይነካት ጢዝዝ ማለት ጀመረች። ባልና ሚስት ቀና እንኳ አላሉም። መረዋው ግን ጀርባው ከደረጃው እስኪጋጭ ድረስ ሸሸ።

«አቁሙት! አላልቼው ነበር እኮ! በዚህ እጄ ነው ያላላሁት!»

ከአፉ ካመለጠው በኋላ ሁሉንም አፈረጠው። «ጠዋት ና ብሎ ጠራኝ። ድምፅህ አልቋል፣ ሌላ ዘፋኝ አግኝቻለሁ አለኝ። ገፋሁት… መግፋት ብቻ ነው። ከዚያ ያ ነገር ጀመረ። ዓይኑ ክፍት ነበር፤ እየተጫወተ መሰለኝ።»

ፓምፑን ያስነሳው ፖሊስ ተመልሶ ወርዶ ይዞት ወጣ። መርማሪዋም ተከተለቻቸው። ፓምፑ ቆመ፤ ባልና ሚስቱ ምድር ቤቱ ውስጥ ቀሩ።

«ጠርጥረሽኝ ነበር?» አላት።

ብትዋሸው ያምናት ነበር፤ ማመን ፈልጓል።

«አዎ» አለች።

«አውቄዋለሁ። ለዚያ ነው ለወንድምሽ ያላለቀስኩት። ባለቅስ የውሸቱን ነው ትያለሽ ብዬ።»

ይህን ብሎ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እሷም አጠገቡ ቆማ እጇን ዘረጋች። ትከሻው ላይ ልታሳርፈው ግን አልደፈረችም።