ለእስረኛው የተላከ አጥሚት

ሰውዬው መካነ ሰላም የገባው ረፋድ ላይ ነበር። ቀትር ሳይደርስ ታሰረ።

ወንጀሉ፣ ሞቶ የተለቀሰለት ሰው «እኔ ነኝ» ማለቱ ነው።

ዕለቱ ገበያ ነበር። ከአቀስታ ከመጡት ነጋዴዎች ጋር አንድ ከሲታ፣ የጉንጩ ቆዳ የተንጠለጠለ ሽበታም ሰው መጣ። ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ጀማሉዲን ግቢ ዘለቀ። «አሰላሙ ዓለይኩም» ብሎ እልፍኝ ገባና መደቡ ላይ ተቀመጠ። የቤቱ ሰዎች ግራ ገብቷቸው ማን እንደሆነ ጠየቁት።

«ሱሌማን ነኝ» አለ። «ቤቴ ገባሁ።»

ጀማሉዲን ከጓዳ ወጥቶ አየው። ከእግር እስከ ራሱ አየው። ከዚያ ፊቱን አዙሮ ፖሊስ እንዲጠራ አዘዘ።

«ሌባ ነው» አለ ለፖሊሶቹ። «የሟች ወንድሜን ስም ሊሰርቅ የመጣ ሌባ ነው።»

የጣቢያው አዛዥ ሃምሳ አለቃ ፈንታው የበሬ ሌባ ያውቃል፣ የእህል ሌባ ያውቃል፣ ከቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ገንጥሎ ሱሪ ያሰፋ ሌባም ይዞ ያውቃል። የስም ሌባ ግን ገጥሞት አያውቅም። በዚያ ላይ ሟቹን በደንብ ያውቀው ነበር።

ሱሌማንን ማን የማያውቅ ነበር? በቦረና አውራጃ እንደ እሱ የወፈረ ሰው አልታየም። በቅሎ መቀመጥ ካቆመ ቆይቶ ነበር፤ ለእሱ ሳይሆን ለበቅሎዋ ታዝኖ። ከመደብ ሲነሳ ሁለት ሰው ይደግፈዋል። ሰው በፊቱ «ማሻ አላህ» ይለው፣ በጀርባው ይስቅበት ነበር። እሱን ያሳፈረው ግን ሳቁ አልነበረም። ሲሰግድ ግንባሩን መሬት ማስነካት አቃተው። መስጊድ ውስጥ እንደ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መስገዱ ውስጥ ውስጡን ይበላው ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ ጨጓራ አሳንሶ የሚሰፋ ፈረንጅ ሐኪም መኖሩን ሲሰማ ሄደ። ሐኪሙ ግን እንዲህ ሆነህ ቢላ አላስነካህም፣ መጀመሪያ ራስህ ጥቂት ቀንስ ብሎ መለሰው። አገር ያወራው ያኔ ነው። ያ በዓረፋ አንድ ሙክት ይጨርሳል የሚባል ሰው የተቀቀለ ጎመንና ሾርባ ብቻ መብላት ጀመረ። በሠርግ ቤት ተጋብዞ እጁን ሳይታጠብ ይነሳል። ገሚሱ ኩራት ነው አለ፣ ገሚሱ ተደግሞበታል አለ። ክረምቱን እንዲህ አሳለፈና ታናሽ ወንድሙ ጀማሉዲን ይዞት አዲስ አበባ ወረደ።

ጀማሉዲን ብቻውን ተመለሰ። ኦፕራሲዮኑ ላይ ሞተ፣ እዚያው ቀበርኩት አለ። ሬሳው በሌለበት የሚሰገደው የጋኢብ ሶላት ተሰገደ፣ ሰደቃ ወጣ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ለቅሶ ተቀመጠ። ፈንታውም ተቀምጧል። ሱሌማን ሚስቱ ቀደም ብላ ሞታበት ልጅም ስላልነበረው ቤቱም መሬቱም ለወንድሙ ሆነ።

ከዓመት በላይ አልፎ ይኸው ይህ ከሲታ ሰውዬ መጣ።

ፈንታው እስረኛውን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ጠየቀው።

«ሱሌማን ከሆንክ ለምን ሞትክ ተባለ?»

«እሱን የነገራችሁን ጠይቁ።»

«አንተን ነው የምጠይቀው።»

እስረኛው በሻከረ ድምፅ ተናገረ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ቁስሉ ስለመረቀዘበት ሐኪሙ ድጋሚ ቀደደው። ነቅቶ ዓይኑን ሲገልጥ ወንድሙ ከአጠገቡ የለም። ድምፁን ያበላሸው በአፍንጫው የገባው ጎማ ነው። እንደ ሕፃን በማንኪያ መዋጥ ተማረ። የተሰፋው ጨጓራ ከቡጢ ያነሰ ነው፤ መውጫውም ጠቦ ቀርቷል። የላመና የቀጠነ ነገር በትንሽ በትንሽ ካልሆነ አይወርድለትም። ሥጋ ያለበት ጉርሻ እዚያ ቢወተፍ እንደሚሞት ሐኪሙ አስጠንቅቆታል። ሲያገግም በአንድ የበቅሎ ነጋዴ ለወንድሙ መልእክት ላከ። መልስ ግን አልመጣለትም።

ፈንታው ትኩር ብሎ አየው። ዓይኑ የሱሌማን ይመስላል። ግን የሱሌማንን ዓይን በስብ መሀል ተቀብሮ እንጂ እንዲህ ተገልጦ አይቶት አያውቅምና በዚህ ሊምል አይችልም።

ምስክር ጠራ። መጀመሪያ የመጣው ሷሊህ የሚባል ጭሰኛ ነበር። እስረኛውን ከማየቱ በፊት በር ላይ የቆመውን ጀማሉዲንን አየ።

«ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

«ሳታየው ነው የምታውቀው አለማወቅህን?»

ሷሊህ አንገቱን ደፋ። «ጃንሆይ ይሙት አላውቀውም» አለ። ቀጥሎ የመጡትም እንዲሁ አሉ። መሬቱ ዛሬ የጀማሉዲን ነው፤ ሰው ደግሞ የሚያርሰውን መሬት ይፈራል። ፈንታው ተናደደ፤ ቢናደድም አልፈረደባቸውም።

እስረኛው ግን የቤቱን ገመና ሁሉ ያውቃል። እናታቸው ስትሞት ምን እንዳለች፣ አባታቸው የትኛውን ልጅ በየትኛው ዓመት እንደገረፈ፣ የሞተችው በቅሏቸው የትኛው እግሯ ነጭ እንደነበር። ፈንታው ይህን ሲሰማ ነገሩ ያለቀለት መሰለው። ጀማሉዲን ግን ቀድሞ ተዘጋጅቶበታል።

«ወንድሜ ጨዋታ ይወድ ነበር» አለ። «ሐኪም ቤት ተኝቶ ምን ይሠራል? ጎኑ ለተኛው በሽተኛ ቤታችንን ሁሉ ዘርዝሮለታል። ያ በሽተኛ ይሄ ነው። አንጀቱ ታጥፎበት ነው የተቀደደው። ድኖ ከእኔ ጋር ቆሎ ሲቆረጥም ነበር።»

«ዛሬም ይቆረጥማል ማለትዎ ነው?»

«ምን ያግደዋል? አልችልም የሚለው ወንድሜን ለመምሰል ነው።»

ነገሩ ውሃ የሚቋጥር ሆኖ ተገኘ። የክሊኒኩ ድሬሰር ምናለ ተጠርቶ እስረኛውን አስወልቆ አየው። ቆዳው እንደ ሰፊ ልብስ ተርፎታል፤ ሆዱ ላይ ረጅም ጠባሳ አለ። ፈንታው በተስፋ ጠየቀው።

«ምንም ልልህ አልችልም» አለ ምናለ። «መቀደዱ ተቀዷል። ለምን እንደተቀደደ ጠባሳው አይናገርም። ቆዳም ቢሆን ክፉ በሽታ ያረግፈዋል።» ልብሱን እያቀበለው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሄ ሰው የሚለው እውነት ከሆነ ግን ደሴ እንዳትልከው። በእስረኛ ዳቦ ሳምንት አይቆይም።»

ፈንታውን ጭንቅ ያዘው። የወረዳው ዳኛ ምርመራውን ቶሎ ጨርሱልኝ እያሉ ነው። አስመሳይ ነው ከተባለ እስረኛው በሚቀጥለው መኪና ደሴ ወህኒ ቤት ይወርዳል። ሱሌማን ከሆነ ደግሞ ፈንታው ራሱ ለቅሶ የተቀመጠለትን ሰው በገዛ እጁ ሊገድለው ነው።

በሦስተኛው ቀን ፈንታው እስረኛው ምን እየበላ እንደሆነ አሰበ። የታሰረ ሰው ስንቅ የሚመጣለት ከዘመዱ ነው። ዘመድ የሌለው ከጠባቂዎቹ ይካፈላል። ጠባቂውን አልታዬን ጠርቶ ጠየቀው።

«ይመጣለታል እኮ» አለ አልታዬ። «በትንሽ ጣሳ አጥሚት። ጧት ይመጣል፣ ረፋድ ይመጣል፣ ከሰዓት ይመጣል። የአራስ ቤት መሰለን እኮ ሃምሳ አለቃ።»

«ማን ነው የሚያመጣው?»

«ዘይነባ።»

ፈንታው ከወንበሩ ተነሳ። ዘይነባ የጀማሉዲን ቤት ወጥ ቤት ናት። ድሮ ለሱሌማን ጎመን የቀቀለችውም እሷው ናት። አውቃዋለች፤ ፈርታ በስውር እየመገበችው ነው ብሎ ደመደመ። እስክትመጣ ጠብቆ ጣሳውን ከፈተው። የገብስ አጥሚት ነው፤ በጨርቅ ተጣርቶ አንድ ገለባ እንኳ የለበትም።

«ለማን ነው ዘይነባ?»

«ለእስረኛው። ሰደቃ ነው፣ ለአላህ ብዬ።»

«ሰደቃ የሚሰጥ ሰው እንጀራ ይሰጣል። ይህን ማን አጥሪ አለሽ?»

ጣሳውን ልትቀበለው እጇን ዘረጋች።

«ሰውዬው ሱሌማን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ።» ሻሿን ወደ አፏ ሳበች። «የምበላው እዚያ ቤት ነው ሃምሳ አለቃ።»

«ይሄ ሰው ደሴ ከሄደ ይሞታል።»

ዘይነባ ይህን ስትሰማ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ለረጅም ጊዜ ካለቀሰች በኋላ ነገረችው።

«ሰላምታውን እንደሰማሁ ነው ያወቅሁት። እኔስ እንጀራ ነበር የያዝሁለት፤ አንጀቴ አልችል ብሎ። ጌታው በር ላይ ያዙኝ። ሊገርፉኝ ነው ስል ሰፌዱን ገልጠው አዩና ‹ይህንን አይችልም፤ አጥሚት አጥሪለት፤ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ውሰጂለት› አሉኝ። ለሰው ትንፍሽ ብትይ ውርድ ከራሴ አሉ።»

ፈንታው ጣሳውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ስለ ሴትዮዋ የገመተው ሁሉ ስህተት ነበር። ወንድሙን የካደው ሰው ራሱ ነው ለካ ወንድሙን የሚመግበው። የወጥ ቤት ቃል ግን በባለመሬት ቃል ላይ ዳኛ ፊት እንደማይቆም ያውቃል። የጀማሉዲን አፍ ራሱ መናገር አለበት።

ቀትር ላይ ጀማሉዲንን ጣቢያ አስጠራው። ገበታም አስቀረበ። ፈንታው ራሱ ክርስቲያን ስለሆነ የማይበላው ምግብ ቢሆንም ሥጋው በእስላም እጅ የታረደ እንዲሆን ከጎረቤት እስላም ቤት ነው ያስመጣው። እስረኛው መጥቶ ከወንድሙ ትይዩ ተቀመጠ። ፈንታው መሀላቸው፣ እጅ ለመያዝ በሚመች ቦታ ተቀመጠ። ምን እንዳሰበ ለማንም አልነገረም።

«ጀማሉዲን፣ ይህ ሰው ያገኘውን ይበላል ብለዋል። ቃልዎ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

«እሱ ደግሞ ብበላ እሞታለሁ ይላል። እንግዲህ አንዳችሁ ትዋሻላችሁ። ያጉርሱት።»

ጀማሉዲን ለመሳቅ ሞከረ። «ደግሞ ለሌባ ላጉርስ?»

«ሌባም ሰው ነው። ያጉርሱትና እንገላገል። ዛሬውኑ ደሴ እልከዋለሁ።»

ጀማሉዲን እስረኛውን አየው። እስረኛው አላጉረመረመም፤ አልለመነም። ጋቢውን ከአፉ ዝቅ አደረገ።

«ከእሱ እጅ እበላለሁ» አለ። «ወንድሜ ከሆነ አይገድለኝም። ካልሆነም ከእንግዲህ መኖሬ ለማን ነው?»

አፉን ከፈተ።

ፈንታው ወደ ገበታው ጠጋ አለ። ሰውዬው የምሩን ነው። ይህን አልጠበቀም ነበር፤ የእሱ እጅ ቢዘገይ የሚሞት ሰው ፊቱ ተቀምጧል።

ጀማሉዲን እንጀራ ቆረሰ። ወጡን ጠቀለለ፤ ትንሽ፣ እንደ አተር ያህል ትንሽ ጉርሻ አበጀ።

«ለሰው የሚጎረስ ያድርጉት እንጂ» አለ ፈንታው።

ሥጋ ጨመረ። እጁን ዘረጋ። ወጡ በጣቶቹ መሀል እየተንጠባጠበ ጠረጴዛው ላይ ወረደ። እስረኛው ዓይኑን ጨፍኗል። ጉርሻው ከንፈሩ ጋ ደረሰ፤ ፈንታው እጁን አነሳ።

ጉርሻው እዚያው ቆመ።

«አይችልም» አለ ጀማሉዲን።

«ማን ነው የማይችለው?»

«ወንድሜ።» ጉርሻውን ሳህኑ ላይ ጣለው። «ወንድሜ አይችልም።»

ከዚያ በኋላ ጠያቂ አላስፈለገውም። እንባና ላቡን በክንዱ እየጠረገ ሁሉንም ተናገረ። ቁስሉ ሲመረቅዝ ሐኪሙ ነገን አያይም ብሎት ነበር። ሲያጣጥር ማየት አልሆንልህ ስላለው ወጥቶ ሄደ። መኪና ተራ ላይ የአገሩን ሰው አገኘና ወንድምህስ ሲለው «ሞተ» አለ። ያለቀለት ስለመሰለው ነው እንጂ ሊዋሽ አልነበረም። መካነ ሰላም ሲደርስ ለቅሶው ከእሱ ቀድሞ ገብቷል። ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ መጣ። ዕድሜውን ሙሉ «የሱሌማን ወንድም» ነበር ስሙ፤ ያን ቀን ሽማግሌዎች በገዛ ስሙ ጠርተው ከፍ ያለው ቦታ ላይ አስቀመጡት። መሬቱን መረከብ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። የበቅሎ ነጋዴው መጥቶ ወንድምህ ሕያው ነው ሲለው፣ ትንፍሽ እንዳትል ብሎ አስምሎ ሸኘው። አገር ያለቀሰለትን ሰው እንዴት ብዬ ልመልሰው አለ።

ሱሌማን እስኪጨርስ ሰማው። ከጠረጴዛው ማዶ እጁን ሰድዶ የወንድሙን ወጥ የነካ እጅ ያዘ። ፈንታው ይቅር ሊለው ነው ብሎ አሰበ።

«ሞተ ስትል አልቅሰህልኛል?» አለ ሱሌማን።

«ወላሂ አልቅሻለሁ። ለእናታችንም እንደዚያ አላለቀስኩ።»

«ሕያው ነው ሲሉህስ?»

ጀማሉዲን ሳህኑ ላይ የጣለውን ጉርሻ አየ። ፈንታው ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያናዝዝ ኖሯል፤ መልስ ባይመጣ ብሎ የተመኘው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ንገረኝ ጀማሉ።»

«ያኔም አለቀስኩ» አለ ጀማሉዲን።

ሱሌማን እጁን ለቀቀው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሃምሳ አለቃ ፈንታው ካቴናውን ከምስማሩ ላይ አውርዶ ወደ ጀማሉዲን ዞረ።