የአረፋ ፊልም አስተርጓሚ

«አቦ፣ ዛሬ ዓይንሽ አላማረኝም» አለ ቡልቻ፣ ፊልሙን ማሽኑ ላይ እየጫነ። «ዝም ብለሽ የሚሉትን ተርጉሚ።»

ቀመሪያ ማይክሮፎኑን ይዛ ቆማለች። በማሽን ክፍሉ ትንሽ መስኮት ቁልቁል አዳራሹን ታያለች። ሰዉ የአረፋ ልብሱን ለብሶ ጢም ብሏል። የፊት ወንበር ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር አለ። አጠገቡ የሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ጓድ ወልደጻድቅ የንግግር ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል።

ፊልሙ አሮጌ የሕንድ ፊልም ነው። በየበዓሉ ይታያል። አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ጌታ በበዓል ቀን ሠራተኞቹ ላይ በር ይቆልፋል። መጨረሻ ላይ ይጸጸትና ሽማግሌውን ዘበኛ ይቅርታ ይጠይቃል። መብራት ሲበራ ጓድ ወልደጻድቅ መድረክ ወጥቶ ስለ ሠራተኛ መብት ይናገራል። በየዓመቱ ያለቅሳል።

የተዋናዮቹን ንግግር በማይክሮፎን ወደ አማርኛ የምትመልሰው ቀመሪያ ናት። ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ ፋዱማ የሲኒማ ቤቱ ጠራጊ ስለነበረች፣ ዘጠኝ ዓመት በነጻ እየገባች ሕንድኛ ለመደች።

ትናንት ፋዱማ፣ «ነገ ሶላት ሰግጄ ልምጣና ልጥረግ» ብላ ጠየቀች። ጓድ ወልደጻድቅ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «በዓል ለሰው ነው፤ መጥረጊያ በዓል የለውም» አላት። ወዲያው አባረራት። ፋዱማ ቤት ስትገባ አላለቀሰችም። ያወጣችውን አዲስ ልብስ አጥፋ ሳጥን ውስጥ መለሰችው። ቀመሪያ ቆማ አየቻት።

መብራት ጠፋ፤ ፊልሙ ጀመረ። ሽማግሌው ዘበኛ ለበዓል ቤቱ መሄድ እንዲፈቀድለት ለመነ። ጌታው የመለሰለት «ወደ ሥራህ ሂድ» ብቻ ነበር። ቀመሪያ ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። ድምፅዋን አወፈረች።

«በዓል ለሰው ነው፤ መጥረጊያ በዓል የለውም!»

አዳራሹ ተንጫጫ። «ዋሪያ፣ ይሄማ ሰው አይደለም!» ሲል አንዱ ጮኸ። በር ላይ የቆሙት ትኬት ቆራጮች ትናንት በጆሯቸው የሰሙ ናቸው፤ በሳቅ ፈነዱ። ጓድ ወልደጻድቅ አንገቱን አዙሮ ወደ መስኮቱ አንጋጠጠ።

«አየኝ» አለች ቀመሪያ። ደስ አላት።

«እኔንስ መች ሳተኝ?» አለ ቡልቻ።

«ጋሽ ቡልቻ፣ አንተ ማሽንህን አዙር። አፉ የኔ ነው።»

ዘፈን መጣ። ዘፈን አይተረጎምም። ጓድ ወልደጻድቅ ይህን ስለሚያውቅ ዘፈኑን ጠብቆ ደረጃውን ወጣ። በሩን ሲከፍት ላብ አጥምቆታል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየተረጎምኩ ነው፣ ጓድ።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ፣ የኔ ልጅ። ሊቀመንበሩ እዚህ ነው። መጨረሻዋን አሳምረሽ ተርጉሚልኝ። እናትሽ ሰኞ ሥራዋ ላይ ትመለስ።»

ቀመሪያ አመነታች። እናቷ ሌላ ሥራ የላትም።

«ይቅርታ ይጠይቋታል? ሠራተኛው እየሰማ?»

ሳቀ። «ጠራጊን?» ብሎ ወረደ።

«እሺ በይው እንጂ» አለ ቡልቻ። «ሰኞ እናትሽ ትግባ። ከዚያ የፈለግሽውን ስደቢው።»

ቀመሪያ ሰኞን አሰበች። እናቷ መጥረጊያዋን ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ፣ በነዚያው በሰሙት ሰዎች መሀል ስታልፍ ታየቻት።

ሸራው ላይ ጌታው ዘበኛው ፊት ቆመ። ቆቡን አወለቀ። ቀመሪያ ቃላቱን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። ከታች ጓድ ወልደጻድቅ መሀረቡን አወጣ።

ማይክሮፎኑን አጠፋችው።

የጌታው ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ በሕንድኛ ይንሰቀሰቃል። «ምን አለ? ምን አለ?» ሰዉ ጮኸ። ፉጨት ተነሳ። ጓድ ወልደጻድቅ ወረቀቱን ጨብጦ ብድግ አለ፤ ተናገሪ እያለ እጁን ወደ መስኮቱ አወናጨፈ። ሊቀመንበሩም ዞሮ ያየው ጀመር።

«ቀመሪያ» አለ ቡልቻ። «ሰኞ እኮ…»

«አውቃለሁ። ይቅርታውን ጓድ ራሱ ይበለው።»

ማይክሮፎኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። እጆቿን አጣምራ በመስኮቱ ቁልቁል ታየው ጀመር።