«ተወው!» ያለው ሰው

ጁማዲን ስጠላው ለጉድ ነበር። ሸርጣን በምጠብስበት በኩል ባለፈ ቁጥር እንትፍ እላለሁ፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። አንገቱን መድፋቱ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኛል።

ድሮ እጮኛዬ ነበር። ወንድሜን ባግዮን ባሕር እስኪወስደው ድረስ።

በእኛ በጃቫ ደቡብ ዳርቻ ክፉው ቦታ ማዕበል የሚጮህበት አይደለም፤ ጸጥ ያለው ነው። ማዕበሉ ወደ አሸዋው የገፋው ውሃ ተሰብስቦ ወደ ባሕር የሚመለሰው በዚያ ነው፣ ያገኘውንም ይዞ ይሄዳል። ባግዮ ያመለጠውን መረቡን ሊይዝ እዚያ ገባ። ጁማዲና አንድ ዓሣ አጥማጅ ተከትለውት ዘለሉ። ከዚያ ጁማዲን በዚህ ጆሮዬ ሰማሁት፤ «ተወው! ተወው!» እያለ ይጮሃል። ለጓደኛው መስሎኝ! ወንድሜን ተወው፣ ይሙት ማለቱ መስሎኝ!

ሁለቱ ወጡ፤ ባግዮ ቀረ። ቀለበቱን ፊቱ ላይ ወረወርኩለት። እናቴ ዘር ማንዘሩን ረገመች። እሱ ትንፍሽ አላለም። ንጹሕ ሰው ዝም ይላል እንዴ?

አንድ ጠዋት ጉልበቴ ድረስ ገብቼ ሸርጣን ስለቅም ድምፁን ሰማሁ።

«ራትሪ፣ ከዚያ ውጪ! ውሃው ይስባል!»

«አንተ ሰው መተው እንጂ ማዳን የት ታውቃለህ?»

«ስደቢኝ፣ ግን ወጥተሽ ስደቢኝ።»

እልኸኛ ነኝ። አንድ እርምጃ ጨመርኩ፤ አሸዋው ከእግሬ ሥር ተናደ።

እናቴ ከዳር ሆና «ወደኔ! ልጄ፣ ወደኔ ነይ!» እያለች ትጮሃለች። በሙሉ ኃይሌ ወደ እሷ ዋኘሁ። በዋኘሁ መጠን እሷ ትርቃለች። ክንዴ ዛለ፣ ጨዋማውን ውሃ ዋጥኩት።

«ተዪው! ራትሪ፣ ተዪው!»

ጁማዲ ነው፤ ዘሎ ገብቷል።

«ምኑን?»

«ውሃውን! አትታገዪው፣ ይውሰድሽ! አያሰምጥሽም፤ የሚገድለው መታገሉ ነው!»

ተውኩት። ውሃው ማዕበሉን አሳልፎ ወሰደንና፣ እዚያ ሲደርስ ጉልበቱ አለቀ። ጁማዲ እጄን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ፤ ማዕበሉ ወደ ዳር ወደሚገፋበት።

«ያኔም... ለባግዮ ነበር የምትጮኸው?»

«ለእሱ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

እናቴ ወደምትጮህበት ዞሮ አየ። ያኔ ገባኝ፤ ወይኔ! ያን ቀን እኔና እሷ ዳር ቆመን «ወደኛ ና!» ስንለው ነበር። እናቱ እየጠራችው ባግዮ የሌላ ሰው ድምፅ ሊሰማ? ወደኛ ሲዋኝ ሲዋኝ ነው አቅሙ ያለቀው።

«አንተ ሞኝ» አልኩት እያለቀስኩ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ስተፋብህ...»

«ምራቅ ይታጠባል» አለ። «እናትሽ ይህን ሰምታ ግን ትኖራለች?»

እንዲህ ያለውን ሰው ነው የጠላሁት። እዚያው ውሃው ውስጥ አቀፍኩት።

ማዕበሉ ራቅ ካለ ቦታ አወጣን። እናቴ እየሮጠች ደርሳ በጫማዋ ትወቅጠው ጀመር።

«አንተ ሰው በላ! አሁን ደግሞ ሴት ልጄን?»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ጁማዲ ዓይኔን አየና «እንዳትነግሪያት» በሚል ራሱን ነቀነቀ። አፌን ዘጋሁ፤ እጁን ግን አልለቀቅኩም።

ተጋባን። እናቴ በሰርጋችን ጀርባዋን ሰጥታን ተቀመጠች። ዛሬም ቤታችን ስትመጣ ዓሣውን እሱ አጥንቱን ለቅሞ ያቀርብላታል፤ ሳታመሰግነው ትበላለች።

«የወንድምሽን ገዳይ ምኑን ወደድሽው?» ትለኛለች፣ እሱ እየሰማ።

«እንዲሁ ወደድኩት፣ እማዬ።»

«መልስ እንኳ የለውም እኮ! ፈሪ!»

በመንደሩ በምላስ የሚችለኝ የለም። እሷ ፊት ግን ሳህኗን አነሳለሁ፣ «ልጨምርልሽ?» እላታለሁ።