«ክፈቱልኝ» የሚባለው መምህር

አዲሱ የሒሳብ መምህር ዛሬም በሩ ላይ ቆመ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እሱ ግን ጠመኔውን እንደያዘ፣ ግባ የሚለው ሰው የሚጠብቅ ይመስል ለአፍታ ቀጥ ብሎ ቀረ። ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች «ክፈቱልኝ መጣ!» ብለው በሳቅ ፈነዱ። ይህን ስም ያወጡለት ገና በመጣ በሳምንቱ ነው።

ከተማሪዎቹ አንዷ የሆነች ልጅም አብራ ሳቀች። መምህሩ ታላቅ ወንድሟ ነው። አራት ዓመት ሙሉ በሩን ሌላ ሰው ሲከፍትለትና ሲዘጋበት ስለኖረ ቤትም ውስጥ እንዲሁ ይቆማል። እናታቸው «ግባ እንጂ የኔ ልጅ፣ ቤትህ እኮ ነው» ስትለው ደንገጥ ብሎ ይገባል። ከተማሪዎቹ መካከል ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ለማስተማር ልምምድ የተመደበው እሷ የምትማርበት ትምህርት ቤት መሆኑን የሰማች ቀን ምሳ አልበላላት ብሎ ነበር። እሱም ገብቶታል። «ግቢ ውስጥ አታውቂኝም፣ አላውቅሽም። በቃ» አላት ጫማውን እየጠረገ፣ ቀና ብሎ ሳያያት። ደስ አላት። ደስ ስላላት ደግሞ አፈረች። ከዚያ ወዲህ እሱ ጠዋት ቀድሟት ይወጣና በዙሪያው መንገድ ይሄዳል፤ እሷ በአቋራጭ ትመጣለች።

ዛሬ ቁርጡ የሚለይበት ቀን ነው። ርእሰ መምህሯ እሱን ተከትለው ገብተው ከኋላ ወንበር ስበው ተቀምጠዋል። መታሰሩንም፣ እህቱ እዚሁ ክፍል መሆኗንም ገና ሲመጣ ራሱ ነግሯቸዋል። «አንድም ነገር እንዳይደብቁኝ እንጂ፣ ሲያስተምሩ አይቼ እወስናለሁ» ነበር ያሉት። ዛሬ ካልተቀበሉት መምህር የመሆን ነገር እዚሁ ያበቃል።

አጠገቧ የተቀመጠችው የልብ ጓደኛዋ ሬዲዮ ትባላለች፤ የሰማችውን ሳታሰራጭ አታድርም።

«ስሚ፣ አጎቴ የእስር ቤት ጠባቂ አይደል? ትናንት ሊወስደኝ መጥቶ ቲቸርን አየው። እስረኛ ነበር አለኝ! በር ላይ የሚገተረው ለሙድ መስሎሽ ነው? ደሞ እናንተ ሰፈር ነው አሉ የሚኖረው። አታውቂውም?»

«ኧረ! ከየት አውቄው» አለች። ፊቷ እሳት ሆነ።

ትምህርቱ ግን ሰመረለት። ወንድሟ አንድ ነገር አለው፦ ሰሌዳ ላይ የተሳሳተ ተማሪ ዳስተር እንዲያነሳ አይፈቅድም። «አታጥፋው፤ ከጎኑ እንደገና ሥራው። የት ላይ እንደሳትክ ሁላችንም እንይ» ይላል። አንዱ ተሳስቶ ሲሠራ ሌላው «እኔም እዚያ ጋ ነው የተሳሳትኩት!» እያለ፣ ሁልጊዜ የሚያንቀላፉት እንኳ ዛሬ ለመውጣት ተሻሙ። ርእሰ መምህሯ ፈገግ ሲሉ ልጅቷ በዓይኗ ጠርዝ አየች።

«ጥያቄ ያለው?» አለ በመጨረሻ።

ሬዲዮ እጇን አወጣች። ልጅቷ ቀሚሷን ጎተተቻት፤ ማን ሊሰማት!

«ቲቸር፣ እውነት እስር ቤት ነበሩ?»

ርእሰ መምህሯ ብድግ ሊሉ ሲሉ እሱ ቀደማቸው።

«ነበርኩ። ከጓደኞቼ ጋር ሱቅ ሰብረን ገባን። ጥበቃውን ገፍትሬው ወደቀና እጁ ተሰበረ፤ እስከ ዛሬ በደንብ አይታዘዝለትም። አራት ዓመት ተፈረደብኝ፤ በዛብኝ አልልም። ማስተማር የጀመርኩትም እዚያው ነው፣ ማንበብ ለማይችሉ እስረኞች።»

ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ሬዲዮ ግን መቼ ጠግባ!

«ቤተሰብዎስ አላፈረብዎትም? እህት፣ ወንድም የለዎትም?»

ይሄኔ ወደ መስኮቱ አየ፣ ወደ ሰሌዳው አየ፤ እሷ ወደተቀመጠችበት ብቻ ሳያይ «የለኝም» አለ።

የርእሰ መምህሯ ፊት ተለወጠ። ብዕራቸውን ከድነው ወንድሟን ትክ ብለው አዩት።

ልጅቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ስለ ሱቁም ስለ ተሰበረው እጅም አንዲት ነገር ያልደበቀ ሰው፣ የዋሸው ለእሷ ሲል ነው። በእሱ ስታፍር ከርማ ነበር፤ አሁን ያፈረችው በራሷ ነው፣ ይሄኛው ደግሞ ይብስ ነበር። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ሬዲዮም ጓደኛዋ እንደሆነች ትቀራለች።

ተነሳች። ዴስኩን ያዘች።

«አለችህ እንጂ» አለችው።

ሁሉም ዞሮ አፈጠጠባት። ወንድሟ ተቀመጪ የሚል ይመስል ራሱን ነቀነቀ። አልተቀመጠችም። አፏን ከፍታ ወደቀረችው ጓደኛዋ ዞራ፣ የኋላው ወንበር ድረስ እንዲሰማ ጮክ ብላ፣

«ቅድም ዋሽቼሽ ነው» አለቻት። «ወንድሜ ነው።»