ሐይቁ ላይ ሶልያናን የጠራት

እኔ እኮ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ጥዬ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ጋኔን ጠራኝ፣ ጥላ አየሁ ምናምን ሲሉኝ መልሴ «እንቅልፍ አጥታችሁ ነው» ነበር፣ እንቅልፍ ማጣትን ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነርሲንግ ሆም አረጋውያን እየተንከባከብኩ ደብል ሺፍት፣ ያኔ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ እዚህ ቶሮንቶ፣ ሐይቁ ላይ በጀልባ ቱሪስት ማስጎብኘት። የምናሳየው ወፍ ነበር፣ ዓሣ ነበር፣ ከቀናን ቢቨር፣ ያ ግንድ እየቆረጠ ውሃ የሚገድበው እንስሳ። በየጉዞው ታዲያ አንዱ ተነስቶ «ዶልፊን የለም?» ይል ነበር፣ ኧረ ይሄ ጨው የሌለው ውሃ ነው እባካችሁ! መመለሱ ራሱ ሰልችቶኝ ነበር።

ባለፈው መስከረም ልጅ የምትይዝልኝ ጎረቤቴ ታመመችና የስድስት ዓመቷን ሶልያናን ይዣት ሥራ ገባሁ፣ ካፒቴኑ አይቶ እንዳላየ አለፈኝ። ይህቺ ልጅ ስትጠራ «ዋት?» ነበር የምትለው፣ ስንት ወር ስጨቀጭቃት ከርሜ «አቤት» ማለት የለመደችው በዚያው ሰሞን ነው፣ እንዴት ኮርቼባት ነበር መሰላችሁ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ጭጋግ ወረደና ከተማው ጠፋ። ሞተሩን ኦፍ አድርገን እንደ ልማዳችን ውሃ የማያበላሸውን ማይክ በገመድ ሐይቁ ውስጥ ለቀቅኩት፣ ከታች ያለውን ድምፅ ሰዉ በስፒከር እንዲሰማ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከሩቅ ጀልባ ሞተር ሌላ የሚሰማ ነገር የለም። ያን ቀን መጀመሪያ ኳ፣ ኳ የሚል መጣ፣ ገመዱ ነው አልኩ። ቀጥሎ ትንፋሽ፣ እመኑኝ፣ ሰው ደረጃ ወጥቶ ሲያለከልክ የሚሰማው ዓይነት። ከዚያ «ሶልያና!» አለ። በእኔ ድምፅ። እኔ አፌን ገጥሜ ቆሜያለሁ!

«አቤት!» አለች ልጄ፣ ብድግ ብላ ወደ ጀልባው ጠርዝ ሮጠች፣ አንድ እግሯ ከመከለያው ብረት በላይ ሲያልፍ ነው በጃኬቷ አንገት የያዝኳት። «ማሚ፣ ራስሽ ጠርተሽኝ ለምን ትጎትቺኛለሽ?» እያለች አለቀሰች። ፈረንጆቹ የጉብኝቱ ትርኢት መስሏቸው አጨበጨቡ። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአገር ቤት የመጡ እማማ ዘውዴ የሚባሉ ተሳፋሪ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቀሩ።

«ልጄ፣ የማይታይ ሲጠራ አቤት ይባላል እንዴ? አልነገርሻትም?»

«እማማ፣ እርስዎም ሰሙ?»

«ሰማሁ እንጂ! አሁን እኮ አወቃት።»

በማግስቱ የጀልባውን ሥራ ለቀቅኩ፣ ጸበልም ወሰድኳት፣ አዎ፣ እኔው ራሴ። «ከእንግዲህ ዓይኔን ሳታዪ አቤት እንዳትዪ» አልኳት፣ እሺ አለችኝ። የምንኖረው ኖርዝ ዮርክ ነው፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ፣ ሐይቁ በመስኮት እንኳ አይታይም። ትናንት ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ሶፋ ላይ ጋደም ብያለሁ፣ ከድካሙ የተነሳ እሷን መጥራት ቀርቶ ቃል እንኳ አልተነፈስኩም፣ ባኞ ቤት ገንዳው ውሃ እየሞላ ነው፣ ሶልያና እዚያ ናት፣ እና በዚያች ባስተማርኳት ትህትና «መጣሁ፣ ማሚ!» ስትል ሰማኋት።