የጋሽ ወልደየሱስ ጥዶች

«ምን ነካቸው?» አሉ ጋሽ ወልደየሱስ፣ የጉዞ ቦርሳቸውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ።

አቢጋኤል መልሱን ከሴቻ እስከ ጫሞ ሐይቅ ካለው ሰው ሁሉ በላይ ታውቃለች። ከቤቱ በታች ባለው ተዳፋት ላይ እንደ ምንጣፍ ተነጥፈው የነበሩት ስድስት ጥዶች አሁን ስድስት ጉቶ ሆነዋል።

እነዚህ እንደሌላው ጥድ ሰማይ የሚቧጥጡ አልነበሩም። ከጉልበት ሳያልፉ ወደ ጎን ይሳባሉ፤ ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ናቸው። ጡረተኛው ጋሽ ወልደየሱስ ችግኞቹን ከአዲስ አበባ ጭናቸው ላይ ታቅፈው ካመጧቸው ስድስት ዓመት ሆኗል። ድሮ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፉ ግማሹን ሴቻ ተሸክሞ ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ ይወርድ ነበር። ጥዶቹ ከተንሰራፉ ወዲህ አንድ እፍኝ አፈር እንኳ ንቅንቅ አላለም።

ለሦስት ሳምንት ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ፣ አደራውን የሰጡት ለጎረቤታቸው ልጅ ለአቢጋኤል ነው። ውሃ እንዳታበዛባቸው ብቻ ነገሯት። የእሷ አባት ግን ላንቴ ባለው ማሳው ላይ ሙዝ ያለማል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ከሥሩ አዲስ ቡቃያ ሲወጣ እያየች ነው ያደገችው። የተቆረጠ ነገር ሁሉ በእጥፍ የሚበቅል መሰላት። ለጓደኛዋ ለምኞት «ቆይ አሳይሻለሁ፣ ጫካ ነው የማደርጋቸው» ብላ ፎከረች። ከዚያ በአባቷ ማጭድ፣ ቅጠል የሌለው አሮጌ እንጨት እስኪቀር ከረከመቻቸው።

ሁለት ሳምንት ጠበቀች። አንድም ቡቃያ የለም። ምኞት ስልኳ ላይ ፈልጋ፣ ጥድ ከተራቆተ አሮጌ እንጨት ላይ እንደማያቆጠቁጥ አነበበችላት። «ሼም ነው እናቴ» አለቻት፣ «መላጣ አድርገሻቸው ቀረሽ።»

አሁን ጋሽ ወልደየሱስ መልስ እየጠበቁ ነው። አፏ ከልቧ ቀደመ።

«የአባባ ኦይታ ፍየል ገብታ ነው።»

ቢቆጧት በተሻላት ነበር። ቀስ ብለው ቁልቁል ወረዱ፤ አንዱን ጉቶ በጣታቸው ነካ አድርገው ወደ ቤት ገቡ።

በማግስቱ ጎረቤታቸው አባባ ኦይታ ከአጥር ማዶ ሰላም ሲሏቸው ፊታቸውን አዞሩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ማታ ማታ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ያልተጨዋወቱበት ቀን አልነበረም። ያን ማታ አግዳሚው ባዶውን አደረ። አባባ ኦይታ ፍየሏን ገረሴ ወዳለው ወንድማቸው ላኳት ሲባል፣ አቢጋኤል ልትጎርሰው የነበረውን እንጎቻ መልሳ አስቀመጠችው።

ቅዳሜ ጠዋት የደረቁትን ጉቶዎች ውሃ እያጠጣች ሳለ የግቢው በር ተከፈተ። አባባ ኦይታ ናቸው። በሁለት እጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። ጋሽ ወልደየሱስ የተቀመጡበት በረንዳ ፊት ሲደርሱ ተንበረከኩ።

በጋሞ ምድር እርጥብ ሣር ይዞ ለእርቅ የተንበረከከ ሽማግሌን ማንም ረግጦ አያልፍም። የተሰበቀ ጦር እንኳ ወደ ቦታው ይመለሳል።

«ወልደየሱስ ወንድሜ» አሉ፣ «ፍየሏን አስሬያት ነበር። ገመዱም አልተበጠሰም። ግን ልጅቷ አይታለች፤ ልጅ በሰው ላይ አይዋሽም ብዬ መጣሁ። ይቅር በለኝ።»

የአቢጋኤል ፊት ነደደ። እጆቿን አባያን በሚያጎድል ውሃ ብታጥባቸውም፣ ያ የጥድ ሽታ ዛሬም ጣቶቿ ላይ አለ።

ጋሽ ወልደየሱስ እየተቻኮሉ ወርደው ሊያነሷቸው ጎንበስ አሉ።

«ጋሼ፣ ይቆዩ» አለች። ሰፈር ሲያናውጥ የኖረው ድምፅዋ ትንኝ አያስደነግጥም ነበር።

የውሃ ማጠጫውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከአባባ ኦይታ ጎን ተንበረከከችና፣ ከሣሩ ግማሹን ከእጃቸው ወሰደች።