በግራ ጉንጩ ላይ የተሳለው ክንፍ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በልምምድ ክፍሉ ውስጥ ከበሮ መቺው፣ አዲሱ ጊታሪስት፣ ቤዝ ተጫዋቹና መርማሪዋ ነበሩ። አምስተኛው ሰው ሬሳ ነው፤ የ«ጥቁር ክንፍ» ባንድ ድምፃዊ፣ የቤዝ ተጫዋቹ ታላቅ ወንድም።

ድምፃዊው በጀርባው ተንጋሏል። ትልቁ ድምፅ ማጉያ ደረቱ ላይ ወድቆበታል። ፊቱ እንደ አጥንት ነጭ ተቀብቶ፣ ግራ ጉንጩ ላይ ጥቁር ክንፍ ተስሎበታል። ለሁለተኛው አልበማቸው ሽፋን ፎቶ ሊነሱ ቀጠሮ ነበራቸው። ሌሎቹን ማጉያዎች ያጠፋቸው ስለሌለ አሁንም ያጉረመርማሉ። ቤዝ ተጫዋቹ በዚያ ጉርምርምታ ውስጥ የወንድሙን የጉሮሮ ድምፅ የሚሰማ እየመሰለው አንገቱን ሰበር አድርጓል። ሄቪ ሜታል የማይወድ ሰው እንኳ ያንን ድምፅ ሰምቶ ፀጉሩ ይቆም ነበር።

«በሩን የከፈትከው አንተ ነህ?» አለችው መርማሪዋ ቤዝ ተጫዋቹን።

«እኔ ነኝ። ከተዘጋ በራሱ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ደግሞ ከእኔና ከእሱ በቀር ማንም ዘንድ የለም።»

«እኔ ቀትር ላይ ስወጣ ደህና ነበር፤ ፊቱንም ገና አልተቀባም» አለ አዲሱ ጊታሪስት። «ከዚያ በኋላ የገባው ወንድሙ ብቻ ነው። ትናንት ደግሞ ሲጣሉ ሰምቻለሁ።»

«ወንድምና ወንድም መች ሳይጣላ ኖሮ ያውቃል!» ቤዝ ተጫዋቹ ወደ መርማሪዋ ዞረ። «እናታችን ከእኛ ሌላ የላትም። እኔን ከወሰዱኝ በአንድ ቀን ሁለት ልጅ አጣች ማለት ነው።»

መርማሪዋ ተንበርክካ የሟቹን ጣቶች አንድ በአንድ አየች፤ ንጹሕ ናቸው።

«ብሩሹ የታለ?»

«የምን ብሩሽ?» አለ ከበሮ መቺው። እሱ ቀኑን ሙሉ ከፎቶ አንሺው ጋር መብራት ሲጭን ነበር፤ ፎቶ አንሺውም በስልክ አረጋግጦላታል። «በጣቱ ነው የሚቀባው። ሳምንት ሙሉ ጥፍሩ የመካኒክ ጥፍር ይመስላል።»

ግድግዳው ላይ የመጀመሪያው አልበማቸው ሽፋን ተሰቅሏል፤ ፎቶው ላይ ጊታሪስቱ በግራ እጁ ይጫወታል።

«የድሮው ጊታሪስታችሁ ግራኝ ነበር እንዴ?»

ቤዝ ተጫዋቹ ሳያስበው ሳቅ አመለጠው። «ኧረ! ማተሚያ ቤቱ የፎቶውን ግራና ቀኝ ገልብጦ አትሞት ነው።»

«ምስኪን! ሰርጉ ላይ ሳይቀር ግራኝ ብለው ዘፈኑለት» አለ ከበሮ መቺው።

መርማሪዋ ወደ አዲሱ ጊታሪስት ዞረች። «አንተስ ከገባህ ቆየህ?»

«ወር ቢሆነኝ ነው። ያ ሽፋን አልጋዬ ራስጌ ተሰቅሎ ነው ያደግሁት። መድረክ ላይ ግን አይቻቸው አላውቅም፤ ሌላ ከተማ ነበርኩ።»

«ለልምምድስ ፊታችሁን ትቀባላችሁ?»

«አንቀባም።»

«እስቲ ሁላችሁም ወደዚህ ቀረብ በሉ» አለች። ሬሳውን ከበቡት።

«በጣቱ የሚቀባ ሰው ጣቱ ንጹሕ ከሆነ፣ የቀባው ሌላ ሰው ነው። ለምን ቀባው? ከቀትር በኋላ በሕይወት የነበረ እንዲመስል። እንዲያ ከሆነ ጥፋቱ በኋላ በገባው ላይ ይወድቃል።» ሽፋኑን በጣቷ አሳየች። «እዚህ ክንፉ ግራ ጉንጩ ላይ ነው። ፎቶው ግን የተገለበጠ ነው። እውነተኛው ክንፍ የቱ ጋ ነበር?»

«ቀኝ ጉንጩ ላይ!» አሉ ሁለቱ ነባሮች ባንድ አፍ።

«እናንተ በእንቅልፍ ልባችሁም አትሳሳቱትም። ግራ ላይ የሚስለው ከሽፋኑ በቀር ያላየ ሰው ነው።»

አዲሱ ጊታሪስት ከሬሳው ፊት ዓይኑን መንቀል አቃተው።

«‹የድሮውን ልመልሰው ነው፤ ፎቶው ላይ አትኖርም› አለኝ» አለ በመጨረሻ። «ከልጅነቴ የተመኘሁትን! ገፋሁት... ጭንቅላቱን የከበሮው መቆሚያ ብረት መታው። ማጉያውን በኋላ ነው የጣልኩበት። ስቀባው ዓይኑ አልከደን አለኝ።»

ከበሮ መቺው ማጉያዎቹን አጠፋ። መርማሪዋ ጊታሪስቱን ይዛ ወጣች፤ ቤዝ ተጫዋቹ ለእናቱ ሊነግራት ወደ ቤት ሄደ።